ሃያ አራት እንቁላል ከአንኮበር

ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ የሚቀባ መድኃኒት ልገዛ እዚሁ ደብረ ብርሃን ወደ ጠባሴ ሰፈር ወረድ ብዬ ነበር። ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ድሮ ብትን ጨርቅ ይሸጥበት ነበር፤ አሁን የዶሮ መኖ፣ የውሃ ማጠጫና እንደ ሻንጣ የሚከፈት ነጭ የፕላስቲክ ሣጥን ደርድረውበታል። ከሣጥኑ ክዳን ላይ ቀይ ቁጥር ይበራል። ቆም ብዬ ሳየው ሻጯ፣ ቀልጠፍ ያለች ባለ ሻሽ ሴት፣ «ይግቡ እማማ፤ ማየት በነፃ ነው» አለችኝ። ገባሁ። «የጫጩት መፈልፈያ ነው። ሙቀቱንም እርጥበቱንም ራሱ ይጠብቃል፤ እንቁላሉንም ራሱ ያገላብጣል። የእርስዎ ሥራ ሃያ አንድ ቀን ቆይቶ ጫጩት መልቀም ብቻ ነው» አለችና ውስጡን እንዳይ ክዳኑን ገርበብ አደረገችው። ሽታው ያኔ መጣ። የሞቀ እንቁላል፣ የእርጥብ ጨርቅና ትንሽ የኖራ ሽታ። እኔ ሳላስበው እጄ ሄዶ ክዳኑን መለሰው። «አታቆዪው፤ እርጥበቱ ይወጣል» አልኳት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ «ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኳት። መድኃኒቴን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ መንገዱን ሁሉ የማስበው ሌላ ነገር ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሱፍ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል እሠራለሁ። በወር አሥራ ሁለት ብር የምከፍልባት አንዲት ክፍል ከእትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር፤ ወለሏ አፈር፣ ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለበጠ፣ መስኮቷ እንደ መጽሐፍ የምታክል። ዛሬ በዚያ ሰፈር አሥራ ሁለት ብር አንድ እንቁላል አይገዛም። ያኔ ግን በጾም ሰሞን ስድስት እንቁላል በብር ይለመናል፤ ዳቦ አሥር ሳንቲም፤ ሻይ ከነስኳሩ አሥራ አምስት ሳንቲም። እኛ የፋብሪካ ሴቶች ስንወጣ እንታወቃለን። ግራጫ ጋዋናችንን በክንዳችን አጥፈን፣ የቴትሮን ቀሚስ ለብሰን፣ ነጭ ሸራ ጫማ አድርገን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን አስፋልቱን እንይዘዋለን። ከማዕዘኑ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ይከፍተዋል። አዲስ ዘፈን የመጣ ቀን እዚያ ማዕዘን ላይ ጫማችንን የምናስር መስለን እንቆማለን። አሁን በቦታው ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር ግን እግሬ እዚያ ላይ ሲደርስ ቀስ ይላል።

ፈትል ክፍል የገባ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው አየሩ ነው። የሱፍ ክር ደረቅ አየር ይጠላል፤ አየሩ ሲደርቅ ክሩ ይንጨባረራል፣ ይበጠሳል። የደብረ ብርሃን ኅዳር ደግሞ እንዴት እንደሚደርቅ የኖረበት ያውቀዋል። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል፤ ቀን ፀሐዩ ይከርራል፤ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሁለት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር። አንዱ እንደማንኛውም ቴርሞሜትር ባዶውን ነው። የሁለተኛው እግር በጨርቅ ተጠቅልሎ የጨርቁ ጫፍ ውሃ ውስጥ ተነክሯል። ጋሽ ሰይፉ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ በየሰዓቱ እያነበብኩ መዝገብ ላይ እንድጽፍ አሰልጥነውኝ ነበር። «ጥሩነሽ፣ ሁለቱ ሲራራቁ አየሩ ጠምቶታል ማለት ነው። ሲቀራረቡ ጠጥቷል። ሌላ ትምህርት የለውም» ይሉኛል። በቀን ስምንት ጊዜ አነበዋለሁ። ለክር ካልሆነ በቀር ይጠቅመኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

እናቴ የምትኖረው አንኮበር ነው፤ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ፣ ዳገቱ ቆላውን ቁልቁል በሚያይበት። አባቴ ከሞተ በኋላ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ራሷ በዶሮ ነበር የምትተዳደረው። ዶሮዎቿ ገብስማ ነበሩ፤ ከእናቷ የወረደ ዘር ነው ትላለች። ከሰፈሩ ሴት ሁሉ የተሻለ ይጥላሉ፣ ይታቀፋሉ፣ ጭልፊት ሲመጣ ቀድመው ያውቃሉ። ጨው፣ ጋዝ፣ የማኅበር መዋጮ፣ ሁሉም ከእነሱ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ክፍሌ ደግሞ ደብረ ሲና የከባድ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሱቅ ነበረው። ሰው አክባሪ፣ ለእናቱ የሚሳሳ ሰው ነው። ከእሱ ጋር የነበረን ጠብ አንድ ብቻ ነበር፦ እማዬ ቤቷን ዘግታ ከእሱ ጋር እንድትኖር ይፈልጋል። እሷ አትፈልግም። «እኔ በልጄ ቤት የማን ደጅ ልጠርግ ነው?» ትለዋለች። በመጣ ቁጥር ይጠይቃታል፣ በመጣ ቁጥር ዶሮዎቿን ታሳየዋለች።

የዚያን ዓመት ጥቅምት እንደተጋመሰ የዶሮ በሽታው ፈንግል ገባ። ፈንግልን የማያውቅ የዛሬ ልጅ ዕድለኛ ነው። ዶሮዋ ማታ ደህና ትሰፍራለች፤ ጠዋት ክንፏን ጥላ፣ አንገቷን ጠምዝዛ ታገኛታለህ። በአምስት ቀን ውስጥ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ አለቀ። የእማዬ አሥራ ሰባቱም አለቁ። ጋሼ ክፍሌ ሲሰማ ወዲያው ወጣ፤ አፅናናት፣ ቤቱንም የሚከራየው ሰው እንዳገኘ ነገራት። እሷም እንደ ወትሮው አልተከራከረችውም። አለመከራከሯ ነው ያስፈራኝ በኋላ ሲነግረኝ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ እማዬን ከተከራየሁት ክፍል ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጭኗ ላይ ቅርጫት አለ፤ በሁለት እጇ አቅፋዋለች። ከአንኮበር እስከዚህ ድረስ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ከአውቶቡሱ ወንበር መደገፊያ ነጠል ብላ፣ ቅርጫቱ እንዳይነቀነቅ በጉልበቷ ተሸክማው ነበር የመጣችው። እብቁን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። እንቁላል ነው።

«ሃያ አራት ናቸው» አለችኝ። «በሽታው ከመግባቱ በፊት በነበረው ሳምንት የተጣሉ ናቸው። የሚታቀፍ ዶሮ ግን በአገሩ የለም። እዚህ ከተማ የምትታቀፍ ዶሮ ያላት ሰው ፈልጊልኝ።»

እትዬ አስካለን ጠየቅን። ጎረቤት ጠየቅን። ገበያ ወጥተን የዶሮ ነጋዴዎቹን ሳይቀር ጠየቅን። የሚታቀፍ አልተገኘም፤ ያላቸውም ፈንግሉን ፈርተው ከአንኮበር የመጣ እንቁላል አናስጠጋም አሉን። ማታ እራት ስንበላ እማዬ እንቁላሎቹን እያየች፣ «እንግዲህ ክፍሌ ጋ መሄዴ ነው» አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ድምጿ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

ሰኞ ፋብሪካ ገብቼ ቴርሞሜትሩን ሳነብ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ዶሮ ምንድን ነች? ሙቀት ነች። ሙቀት ደግሞ ይለካል። ጋሽ ሰይፉን ስነግራቸው አልሳቁብኝም። ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉና፣ «ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው የዶሮ ሆድ። ከፍ ካለ ይቀቅለዋል፤ ዝቅ ካለ ያቆየዋል። አንዱን ከመረጥሽ መቆየቱ ይሻላል» አሉኝ። የመለዋወጫ ዕቃ የመጣበት ባዶ የእንጨት ሣጥን አስፈቀዱልኝ፤ ግድግዳው ላይ እንዳሉት ያለ አሮጌ ጥንድ ቴርሞሜትር ከመሣሪያ ክፍላቸው አወጡና «በውሰት ነው፤ ሰብረሽ እንዳትመጪ» ብለው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ሣጥኑን በሁለት ማታ ሠራነው። ውስጡን በሱፍ ቁርጥራጭ ለበጥነው። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ከፍተን መስተዋት ገጠምንበት። አርባ ሻማ አምፖል ከላይ አንጠለጠልንና ብርሃኑ እንቁላሉን እንዳይመታ የጣሳ ክዳን ጋረድንበት። ከጎኑ ስድስት ቀዳዳ በሳሁ፤ ለእያንዳንዳቸው ከበቆሎ ቆረቆንዳ መወተፊያ ቆረጥኩላቸው። ሲሞቅ አንድ ቆረቆንዳ እንነቅላለን፣ ሲበርድ እንወትፋለን። ከዚያ ወዲያ ሌላ መቆጣጠሪያ የለንም። ቴርሞሜትሩን ከእንቁላሉ አናት ልክ አድርጌ አሰርኩት፤ ሙቀቱ ከታችና ከላይ አንድ ስላልሆነ መለካት ያለበት ጫጩቱ ባለበት ነው ብለውኛል ጋሽ ሰይፉ። ባዶውን ሣጥን አንድ ሙሉ ቀን አበራነው። ሠላሳ ስምንት ላይ ረግቶ እስኪቆም እማዬ እንቁላሎቹን ሾጣጣ ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጋ አሳርፋቸው ነበር፤ መንገድ የደከመው እንቁላል አንድ ቀን ማረፍ አለበት ትላለች። ከዚያ በአንድ ጎናቸው ላይ በከሰል መስቀል ምልክት አደረገችባቸው፤ እንዳገላበጠች እንድታውቅ። ስታስገባቸው የምትናገረውን አልሰማሁም። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር።

ጋሼ ክፍሌ የእማዬን መምጣት ሰምቶ መጣና አየን። መስተዋቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። «እማዬ፣ ይህ እኮ አምፖል ነው» አላት። እማዬ ቀና ብላ አየችው። «ልጄ፣ ሃያ አንድ ቀን ስጠኝ። ጫጩት ከወጣ ቤቴ እገባለሁ። ካልወጣ አንተ ያልከው ይሁን፤ ሁለተኛ አልከራከርህም።» እሱም እጇን ሳመና፣ «በሃያ አንደኛው ቀን በመኪና መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሎ ሄደ። እናትና ልጅ በዚህ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ክር ሲበጠስ እንኳ የማየው እንቁላል ነው።

ያን ሦስት ሳምንት እንደ ትልቅ ሀብት ነው የማስበው። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ከእናቴ ጋር ይህን ያህል ቀን ተቀምጬ አላውቅም ነበር። እኔ ፋብሪካ ስገባ እሷ ታገላብጣቸዋለች፤ ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ማታ። ቁጥር አታነብም ነበርና ከቴርሞሜትሩ ላይ ቀይ ክር አሰርኩላት፤ «ከክሩ በላይ ሲወጣ ንቀዪ፣ ከታች ሲወርድ ወትፊ» አልኳት። በአራተኛው ቀን ጠዋት አመዳይ ወርዶ ነበር። ለምሳ ስገባ ሣጥኑን በጋቢዋ ጠቅልላ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ወትፋ አገኘኋት። ቴርሞሜትሩ አርባ ላይ ነው። ጋቢውን ገፈፍኩት፣ ቆረቆንዳውን ነቃቀልኩት። «እማዬ ምን ነካሽ?» አልኳት። «ብርዱን አላየሽውም? እነሱ ሕፃናት አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። አልተቆጣኋትም፤ ግን ተቀምጠን ነገርኳት፣ ቅዝቃዜ እንደሚያዘገያቸው፣ ሙቀት ግን እንደሚገድላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ከክሩ ላይ ዓይኗን አንሥታ አታውቅም።

በሰባተኛው ቀን በብርሃን አየናቸው። ካርቶን ጠቅልዬ ባትሪ አበራሁና እንቁላሉን አንድ በአንድ ከጫፉ አስቀመጥነው። አምስቱ ባዶ ናቸው፤ እንደ ፋኖስ ብርጭቆ ጥርት ብለዋል። በቀሩት አሥራ ዘጠኙ ውስጥ ግን እንደ ቀይ ክር የተዘረጋ ሥር አለ፤ መካከሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ። ነጥቧ ተንቀሳቀሰች። እማዬ ይበልጥ ጎንበስ አለች። አርባ ዓመት ሙሉ ዶሮ አስታቅፋ፣ ውስጡ ሲሠራ አይታ አታውቅም ነበር። «ይኼ ልቡ ነው?» አለችኝ። «ልቡ ነው» አልኳት። እንቁላሉን ከእጄ ተቀብላ በሁለት መዳፏ ይዛ ቆየች፤ ቶሎ መልሺው እስክላት።

በአሥረኛው ቀን ስናይ ግን አንድ ነገር አላማረኝም። በእንቁላሉ ደንዳና ጫፍ ያለው ባዶ የአየር ቦታ በጣም ሰፍቷል። ጫጩቱ ይደርቃል ማለት ነው። ውስጥ ውሃ አስቀምጬ ነበር፤ በሲኒ። ይበቃል ብዬ ነበር። ተክዤ ስቀመጥ እማዬ ምን ሆንሽ አለችኝ። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ዶሮ እኮ ጠዋት ከእቅፏ ተነሥታ ሣር ውስጥ ገብታ ትመለሳለች። ሆዷ በጤዛ ርሶ ነው የምትቀመጥባቸው። የእኛ ዶሮ ግን ጤዛ የት አገኘች?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ሁለተኛው ቴርሞሜትር ትዝ ያለኝ። ለሙቀት ብቻ ስለምፈልግ አንዱን ነበር የማነበው፤ ሁለተኛው ጋሽ ሰይፉ እንደጠቀለሉት ሣጥኑ ሥር ተኝቷል። የሸራ ጫማዬን ነጭ ማሰሪያ ቆርጬ እግሩን ጠቀለልኩ፣ ጫፉን ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ አስገባሁት። ደረቁ ሠላሳ ስምንት ይላል። እርጥቡ ቀስ እያለ ወርዶ ሃያ አራት ላይ ቆመ። በአሥራ አራት ዲግሪ ተራርቀዋል። አዳራሹ ውስጥ እንዲህ ቢሆን የፈትሉ መኪና ሁሉ በቆመ ነበር። ለእማዬ፣ «አየሩ ጠምቶታል» አልኳት። የጋሽ ሰይፉ ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

ሲኒውን አወጣሁ። ለእርጥበት የውሃው ጥልቀት አይደለም የሚጠቅመው፣ ስፋቱ ነው፤ ይህንንም ከአዳራሹ ነው የማውቀው። ሁለት ሰፋፊ ጎድጓዳ የብረት ሳህን ሞቅ ያለ ውሃ ሞልቼ ከታች አኖርኩ፤ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ቁራጭ ቀድጄ አንድ ጫፉን ሳህኑ ውስጥ፣ ሌላውን ሣጥኑ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ፤ ውሃውን እየጠጣ እንዲተነፍሰው። በሁለት ሰዓት ውስጥ እርጥቡ ሠላሳ ደረሰ። እዚያ ላይ ያዝነው። ከዚያ ጀምሮ እማዬ ሁለት ክር አላት፦ ለደረቁ ቀይ፣ ለእርጥቡ አረንጓዴ። እትዬ አስካለ በራፍ ላይ ቆማ፣ «እናንተ ሰዎች እንቁላል እየታቀፋችሁ ነው ወይስ ሊጥ እያቦካችሁ?» እያለች ትስቅብናለች። እማዬ ክሮቿን ትጠብቃለች።

አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው፣ የዛሬዎቹ ማሽኖች ይህን ሁሉ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ጥሩ ነው፤ የእህቴ ልጅ መዘዞ ከተማ ላይ አንድ ገዝታ በየወሩ መቶ ጫጩት ታወጣለች። ስልክ ደውላ የምትጠይቀኝ ግን እኔን ነው። ባለፈው ክረምት «አክስቴ፣ ማሽኑ እርጥበቱን ስልሳ ይላል፣ ጫጩቱ ግን ቅርፊቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል» አለችኝ። «በአንድ እርጥብ ጨርቅና በሁለት ቴርሞሜትር ለኪው፤ ማሽኑ ዋሽቶሽ ይሆናል» አልኳት። ዋሽቷት ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ የበዓል ዕለት፣ ከቅዳሴ ስንመለስ መብራት የለም። ግቢው ሁሉ የለውም። ደረቁ ሠላሳ አራት ላይ ወርዷል። አልተደናገጥንም ብል ውሸት ነው፤ ግን ማን ምን እንደሚሠራ ሳንነጋገር ሥራ ጀመርን። እማዬ ከሰል አቀጣጠለች፤ እትዬ አስካለ ያላትን ጠርሙስ ሁሉ ይዛ መጣች፤ ከጠላ ቤትም ተዋሰችልን። ውሃውን አሙቀን፣ ለእጅ የሚመች ሲሆን እየሞላን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ከእንቁላሎቹ ጎን አስተኛነው። ሲቀዘቅዝ እንቀይራለን። ስትስቅብን የነበረችው እትዬ አስካለ ነጠላዋን አደግድጋ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ጠርሙስ ስታቀብል ዋለች። መብራቱ ሲመጣ ደረቁ ሠላሳ ስድስት ላይ ነበር። በማግስቱ በብርሃን አየናቸው፤ ሁለቱ ቀጥ ብለዋል። አሥራ ሰባቱ ይንቀሳቀሳሉ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ማገላበጥ አቆምን። እርጥቡን ወደ ሠላሳ ሦስት ከፍ አደረግነው፤ መስተዋቱ ጠርዙ ላይ ላብ ያዘ። «ከአሁን በኋላ ክዳኑ አይነካም» አልኳት እማዬን። ጫጩቱ ቅርፊቱን ሊሰብር ሲል ክዳን ቢከፈት እርጥበቱ በአንዴ ይወጣል፤ ስስ ሽፋኑ እንደ ቆዳ ደርቆ ይይዘዋል፤ መዞር ያቅተውና እዚያው ይቀራል።

ሃያ አንደኛው ቀን ሲነጋ ከአንዱ እንቁላል ላይ ትንሽ ስንጥቅ አየን። ከዚያ ሌላ ምንም የለም። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ስድስት ሰዓት ላይ ክፍሌ መጣ። አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ለምኖ፣ ሹፌሩን አስፋልት ላይ አቁሞ፣ ለእማዬ አዲስ ሻሽ ገዝቶ ነው የመጣው። ስንጥቁን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከንጋት።»

«ስድስት ሰዓት ሙሉ? ይሄ እኮ እየሞተ ነው። ክፈቱትና በእጃችን እንርዳው እንጂ።» እጁን ወደ ክዳኑ ሰደደ። እኔ ቀድሜ ክዳኑ ላይ ተጋደምኩበት።

«አይከፈትም ጋሼ።»

«ጥሩነሽ፣ እማዬን እያሰብኩ ነው። አንዱን እንኳ ብናድንላት።»

«አንዱን ለማዳን ከከፈትከው አሥራ ስድስቱ ይደርቃሉ። አይከፈትም።» በዕድሜዬ ታላቅ ወንድሜን እንቢ ያልኩት ያኔ ነው የመጀመሪያው። ፊቱ ቀላ። ከውጭ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሁለታችንም ወደ እማዬ ዞርን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አዲሱ ሻሽ ከነመጠቅለያው ጭኗ ላይ ነው።

«ክፍሌ፣ እጅህን አንሣ» አለችው፣ በቀስታ። «ዶሮ ቅርፊት ስትልጥ አይተህ ታውቃለህ? ትቀመጥበታለች እንጂ። ልጅቷ ተቀምጣበታለች፤ ተዋት።» ከዚያ አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት። ክፍሌ ወጥቶ ሹፌሩን አሰናበተው። ተመልሶ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሦስታችንም ሣጥኑን መጠበቅ ያዝን።

ስምንት ሰዓት ሲል ከሣጥኑ ውስጥ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ ግን እንደ ትእዛዝ ጥርት ያለ። ክፍሌ ቀና አለ። ከሌላ ጎን ሌላ መለሰለት። ስንጥቅ ያለበት እንቁላል መዞር ጀመረ፤ ቅርፊቱ እንደ ክዳን ዙሪያውን ተከፈተ፤ እርጥብ፣ ጥቁር፣ አንገቱን መሸከም ያቃተው ፍጡር ሱፉ ላይ ወደቀ። አላወጣነውም፤ እዚያው እስኪደርቅ ተውነው። ድምፁ የቀሩትን የጠራቸው ይመስል ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን ተከተለ። ክፍሌ መስተዋቱ ላይ ግንባሩን ደግፎ፣ «አምስት... ስድስት...» እያለ እንደ ሕፃን ይቆጥር ነበር። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ላብ ነው ብሎኛል በኋላ። በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት አሥራ አምስት ጫጩት ደርቆ፣ ተነፋፍቶ፣ ተጋፍቶ ቆሟል። እማዬ አንድ በአንድ ወደ ጉያዋ አስገባቻቸው። ከዚያ ሻሹን ከመጠቅለያው አውጥታ አሰረችው። «ክፍሌ፣ ሻሹ አምሮብኛል። ይዤው ቤቴ እገባለሁ» አለችው።

ጋሽ ሰይፉ ቴርሞሜትራቸውን ስመልስ ከዳር እስከ ዳር አገላብጠው አዩትና፣ «ስንት?» አሉኝ። «አሥራ አምስት» አልኳቸው። ጥንዱን መልሰው መሣሪያ ክፍላቸው ሰቀሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አዳራሹ ውስጥ የአየሩን ነገር የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ «ጥሩነሽን ጠይቋት» ይላሉ፤ ዓመት ሳይሞላ የክፍሉ ተቆጣጣሪ ሆንኩ።

ፈንግሉ ከመንደሩ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ጫጩቶቹን እትዬ አስካለ ግቢ አሳደግናቸው፤ የእንስሳት ሐኪም ክትባት ጠብ አደረገላቸው። መጋቢት ላይ ክፍሌ ራሱ በሸምበቆ የሠራውን ጎጆ ተሸክሞ፣ እኔ እማዬን ደግፌ፣ ከጎረቤላ በእግራችን ወረድን። እማዬ የቤቷን ቁልፍ ከአንገቷ አውጥታ ደጇን ከፈተችና ጎጆውን ግቢው መካከል አስቀምጠን ፈታናቸው። ገብስማዎቹ ቄቦች ተበትነው መሬቱን መጫር ጀመሩ። ከአውራዎቹ አንዱ፣ ጅራቱ ገና ያላማረለት ጎረምሳ፣ አጥሩ ላይ ዘሎ ወጣ። አንገቱን ዘረጋና ጮኸ። ድምፁ መካከል ላይ ተሰነጠቀበት፤ እንደገና ጮኸ።

ፈንግሉ ከገባ ወዲህ በዚያ መንደር አውራ ዶሮ ጮኾ አያውቅም ነበር። ከላይ ካለው ቤት በር ተከፈተ። ከታች ካለውም። ሴቶቹ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ አንዲቷ እንዲያውም ወንፊቷን እንደያዘች፣ ወደ እማዬ አጥር መጡ። አጥሩን ተደግፈው ገብስማዎቹን አንድ በአንድ አዩ። የልጅነት ጓደኛዋ እማማ ጥሩወርቅ ከሁሉ ቀድማ ተናገረች።

«አንቺ፣ ይኼ ያንቺው ዘር አይደለም እንዴ? አንዲት ዶሮ ሳትኖር ማን ታቀፈልሽ?»

እማዬ ሻሿን አስተካከለች። ወደ እኔ ዞረች፤ ከዚያ ወደ እነሱ።

«ልጄ ናት የታቀፈችልኝ» አለቻቸው።